ማሽኑ ያስነጥሳል፣ ጓደኛሞቹ ተኮራርፈዋል

  

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የሚስተናገደው የልብ ጉዳይ ነው። «ወደድኳት፣ ናቀችኝ»፤ «ቀጠረኝ፣ ቀረ»… የዛሬው ደብዳቤ ግን የሚያወራው ስለ ሣር ማጨጃ ማሽን ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ኧረ አትሳቁ! ጥርጣሬ አለበት፤ ገንዘብ አለበት፤ ኩርፊያ አለበት። ከዚህ በላይ የልብ ጉዳይ ከየት ይምጣ? ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንደ ልማዳችን ትተን ነገሩን ከራሱ እንስማው።

«እኔና ጓደኛዬ አንድ ሰፈር ያደግን፣ አንድ ክፍል የተማርን ነን። ከሁለት ዓመት በፊት ዕቁብ ደርሶን እኩል አዋጣንና አንድ ያገለገለ የሣር ማጨጃ ማሽን ገዛን። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በየግቢው እየዞርን እናጭዳለን። ኦልድ ኤርፖርት፣ ቦሌ፣ ሲኤምሲ ደንበኞች አሉን። እኔ ከዚሁ ነው የታናሽ እህቴን የትምህርት ቤት የምከፍለው። አምና ኅዳር ላይ ሣሩ ሲደርቅ ማሽኑን እሱ ቤት አስቀመጥነው። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ስናወጣው ግን ጉድ ሆነ! መነሳቱን ይነሳል፤ ግን አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል፤ ያስነጥሳል፤ ሣሩ ወፈር ሲል ቀጥ ይላል። ቾኩን ግማሽ ድረስ ስስበው ትንሽ ይሻለዋል። አንድ መካኒክ ሳይፈታው ‘ሞተሩ አልቋል፣ በቁራጭ ብረት ዋጋ ልግዛችሁ’ አለን። ሌላ የማውቀው ሰው ደግሞ ‘ካርቡራተሩን ቀይረውባችሁ ነው’ አለኝ። ማሽኑ ሰባት ወር የቆየው እሱ ቤት ነው። በመሐል ገንዘብ ቸግሮት እንደነበርም አውቃለሁ። አፍ አውጥቼ አልጠየቅኩትም፤ ግን ፊቴን አይቶ የገባው ይመስለኛል። ይኸው ሳምንታችን፣ አንነጋገርም። ልጠይቀው ወይስ ድርሻዬን ይዤ ልውጣ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት ጓደኛህን ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ። «ቾኩን ግማሽ ድረስ ስስበው ትንሽ ይሻለዋል» ብለሃል። ሳይታወቅህ የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈህ ልከህልኛል!

እንዴት መሰለህ? ሞተር ቤንዚን ብቻውን አይበላም፤ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠዋል። ልኩም በሚዛን ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ነው። ቀላቃዩ ካርቡራተሩ ነው። ቾክ የሚባለው ደግሞ የአየሩን መግቢያ የሚያጠብ ክዳን ነው፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበረክታል። እስቲ አሁን አስበው፦ አየር ሲቀንሱበት የሚሻለው ሞተር የጎደለው ምንድን ነው? ቤንዚን ነዋ! የእናንተ ማሽን ርቦታል።

አንዴ መጮኹ፣ አንዴ መቀዝቀዙም ከዚያው የመጣ ነው። ማሽኑ ላይ የሞተሩን ዙር የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ አለ። ዙሩ ሲወርድ ጋዝ ይከፍትለታል፤ ሲወጣ ይዘጋበታል። ቤንዚኑ በቅጡ ስለማይደርስ መቆጣጠሪያው ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል፤ ሞተሩም እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። በነገራችን ላይ የዚህን መቆጣጠሪያ ስፕሪንግ እየጎተተ «ላስተካክልላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት። ሞተሩ ከልኩ በላይ ከሮጠ ምላጩም አብሮ ይሮጣል። ያ ደግሞ እግር ቆርጦ ይጥላል።

«ሞተሩ አልቋል» ላላችሁ መካኒክም መልስ አለኝ። ያለቀ ሞተር ምልክት አለው። የማስነሻው ገመድ ሲሳብ ምንም ሳይታገል ለስለስ ብሎ ይመጣል፤ ሰማያዊ ጢስ ያጨሳል፤ ዘይት ይጠጣል፤ ቾክ ቢስቡለትም ባይስቡለትም ያው ደካማ ነው። የእናንተው ይነሳል፤ ሲጎርስም ይሻለዋል። ደግሞ ሳይፈታ ፍርድ የሰጠው ሰው ገዢውም ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ ለምን ራበው? ሰባት ወር ቁጠር! ቤንዚን ብረት አይደለም፤ ዕድሜ አለው። አምራቾቹ ከ30 ቀን በላይ ማሽን ውስጥ እንዳይቆይ ይመክራሉ። ሲቆይ ቀላሉ ነገሩ ይተንናል፤ የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ጄት የምትባል የነሐስ ቀዳዳ ደግሞ ስፋቷ 1 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ሙጫው እሷን ሲያጠባት ማሽኑ በገለባ ሾርባ እንደሚጠጣ ሰው ይሆናል። አምና ኅዳር ላይ ስታስቀምጡት ቤንዚኑን አፍስሳችሁ ነበር? ደብዳቤህ ስለዚህ ምንም አይልም። እኔም አላፈሰሳችሁም ብዬ እጠረጥራለሁ። ካልሆነ ደግሞ ጥፋቱ የማን ነው? የሁለታችሁም ነው!

ነገር ግን እኔም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከፈረድኩ ከዚያ መካኒክ በምን ተሻልኩ? ስለዚህ ፈትሹት። ቅደም ተከተሉም ከነጻው ወደ ርካሹ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሁን። አስቀድማችሁ ግን ሁለት ነገር አደራ። ሥራውን ደጅ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቃችሁ ሥሩ። ምላጩ አጠገብ እጅ ከመስደዳችሁ በፊት ደግሞ የካንዴላውን ኮፍያ ነቅላችሁ ራቅ አድርጉት። ምላጩን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል፤ በዚህ ጣቱን ያጣ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ቤንዚኑ። ከታንኩ ትንሽ ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና አሥር ደቂቃ ተዉት። ውኃ ካለበት ከሥሩ ለብቻው ይዘቅጣል፤ ቤንዚን ከውኃ ይቀላልና። ቀለሙ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሽታው ከኮመጠጠ አርጅቷል። ከመንገድ ዳር በውኃ ላስቲክ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። የከፋውን ሁሉ አውጥታችሁ አዲስ ሙሉበት። አሮጌውን ግን ቱቦ ውስጥ አትድፉ።

ሁለተኛ፣ የታንኩ ክዳን። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በአቧራና በሣር ከተደፈነች ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይታፈንና ይጠፋል። ሲጠፋ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ እንደገና አስነሱት። ወዲያው ደህና ከሠራ ሌባው ተያዘ! ዋጋው? አንድ መርፌ።

ሦስተኛ፣ የአየር ፊልትሮው። ይኼ ሲደፈን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ አየር ያንስና ቤንዚን ይበዛል፤ ጥቁር ጢስ ይመጣል። የወረቀቱ ዓይነት ከሆነ መታ መታ አድርጎ ማራገፍ ነው፤ በውኃ አይታጠብም። ስፖንጁ ግን በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎበት ተጨምቆ ይመለሳል። ፊልትሮው በዘይት ርሶ ካገኛችሁት ማሽኑን ለማጽዳት ስትገለብጡት በተሳሳተ ጎን አስተኝታችሁታል ማለት ነው። ሁልጊዜ የፊልትሮውና የካርቡራተሩ ወገን ወደ ሰማይ ይሁን።

አራተኛ፣ ካንዴላው። ፈትታችሁ ጫፉን እዩት፤ የሞተሩ ምላስ ነው። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ደረቅ ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። በዘይት ከራሰ ዘይት እያሳለፈ ነው። በሁለቱ ጫፎች መሐል ያለው ክፍተት ለአብዛኞቹ የሣር ማጨጃዎች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ማሽኑ ሲበርድ ደህና ሠርቶ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሲግል የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ እንደጠፋ ወዲያው እሳት መስጠት አለመስጠቱን አሳዩት። እሳት ከሌለው ጥርጣሬው ቦቢናው ላይ ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ልጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ የተሠራ ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፤ እዚህም እንደዚያው ቤንዚኑን ይሰጣል። ለዚህ ነው ብዙ ማሽን እዚህ ጥቁር ካንዴላ የሚኖረው። ሆንዳ በመመሪያው ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ካርቡራተሩ ለከፍታው እንዲስተካከል ይመክራል። ተስተካክሎም ቢሆን በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል ይላል። አስላው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱ የለም ማለት ነው! ስለዚህ ክረምት የበቀለ፣ ጉልበት የደረሰ እርጥብ ሣር ውስጥ ማሽኑ ቢያቃስት ሁሉም ጥፋት የብልሽት አይደለም። መጀመሪያ ከፍ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ ዝቅ አድርጋችሁ በሁለት ዙር እጨዱ።

አምስተኛ፣ ምላጩ። ማሽኑ ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር መትቶ ያውቃል? ምላጩ ድንገት ሲቆም፣ ከላይ ያለውን ከባድ መንኮራኩር ከዘንጉ ጋር የምታስተሳስር አንዲት ትንሽ የብረት ቁልፍ አለች፤ እሷ ትጎዳለች። በአንዳንዱ ሞተር ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት ነው የምትሠራው፤ ዘንጉ ከሚሰበር እሷ ትሰበር ተብሎ። ስትጣመም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ይዛነፋል። ሞተሩ አልነሳ ይላል፤ ገመዱን ከእጅ መንጭቆ ይመልሳል፤ ያስነጥሳል፤ ጉልበት ያጣል። ቁልፏ ርካሽ ናት። መንኮራኩሩን መፍታት ግን የመፍቻ መሣሪያ ስለሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። የላላ ምላጭም ይህንኑ ጠባይ ያመጣል፤ ብሎኑን እዩት።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ካርቡራተሩ። እናንተ ዘንድ ነገሩ እዚህ ነው ብዬ የምገምተው። ከመፍታታችሁ በፊት ግን ቁሙና ተመልከቱት! ዳር ዳሩ ላይ አቧራና ዘይት አብረው ረግተውበት ከሆነ፣ የብሎኖቹ ራስ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት ከሌለ፣ ያንን ካርቡራተር በቅርብ የነካው ሰው የለም። አየህ ወንድሜ፣ ጓደኛህን መጠየቅ ሳያስፈልግህ ብሎኑን መጠየቅ ትችላለህ። ብሎን ደግሞ አይቀየምም።

ከዚያ የነዳጁን መምጫ ዝጉ። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ጽዋ የያዘውን ብሎን ፍቱ፤ ከሥር ቤንዚኑ የሚወርድበት ዕቃ አድርጉ። በአንዳንዱ ማሽን ብሎኑ ራሱ ጄቱን በሆዱ ይዟል፤ ስለዚህ እንዳትጥሉት። ጽዋው ውስጥ ቡናማ ዝቃጭ ወይም ነጭ ዱቄት ካያችሁ መልሱ ያው ነው። በካርቡራተር ማጽጃ እጠቡት፤ ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ እዩ። የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ካለው ቀጭን መዳብ አንዷን ክር መዝዛችሁ ብታሳልፉባት ይበቃል። በብረት ሽቦ ወይም በመርፌ ግን አትጎርጉሯት! ቀዳዳዋ ትንሽ ከሰፋች ልኩ ለሁልጊዜው ይበላሻል። ጎሚኒውን በጥንቃቄ መልሳችሁ ግጠሙ፤ ከዚያ አስነሱት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። «ልጠይቀው ወይስ ልውጣ?»

ሁለቱንም አታድርግ። ቢያንስ አሁን አታድርግ። «ካርቡራተሩን ሸጥከው ወይ?» የሚል ቃል አንዴ ከአፍህ ከወጣ በኋላ ማሽኑ በአንድ ብርጭቆ አዲስ ቤንዚን ቢድን፣ ጓደኝነትህን በምን ልታጥብልኝ ነው? ለሱ የሚሸጥ ማጽጃ የለም። ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር ጠረጠርከው። እስቲ ገልብጠህ እየው፦ ቸግሮት እያለ፣ ሰባት ወር ሙሉ ማሽኑ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ሳይሸጠው ቆይቶ ከሆነስ? ይህን ያደረገ ሰው ይጠረጠራል ወይስ ይመሰገናል?

እኔ የምልህ ይህን ነው። ደውልለትና «እሑድ ጠዋት ማሽኑን አብረን እንፈታዋለን፣ ካቻቢቴና መፍቻ ይዘህ ና» በለው። ሌላ አትጨምር። ለብቻህ እንዳትፈታው! ለብቻህ ፈትተህ ያገኘኸው ነገር ማስረጃ አይሆንልህም፤ ይልቁንም ነገ እሱ አንተን የሚጠረጥርበት ይሆናል። ብርጭቆውን እሱ ይያዝ፤ ቀዳዳዋን እሱ ይያት። የምታገኙትን ነገር በአራት ዓይን አግኙት።

ዝቃጩን ካገኛችሁ እዚያው ቁጭ እንዳላችሁ «ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅርታ» በለው። «ምንም አልልም፣ ይረሳዋል» እንዳትል። ፊትህን አንብቧል ብለሃል አይደል? ያነበበውን በዝምታ አትሰርዘውም። ምናልባት አንድ ቀን ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ! ነገ ማሽኑን አብራችሁ ትገፋላችሁ።

ጭረቱን ብታገኝስ? ዕቃው በእርግጥ ተቀይሮ ቢሆንስ? ያኔ ሰው በሌለበት፣ ድምፅህን ሳታነሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው፦ «ይኼ ተነክቷል፤ ምን ሆኖ ነው?» በለውና መልሱን እስከ መጨረሻው ስማ። ማሽኑን የገዛችሁት ያገለገለ ነውና ከእናንተ በፊት የነካው ሰው ሊኖር ይችላል። ቸግሮት ሸጦት ከሆነና ካመነልህ ዕዳ ነው፤ ዕዳ በወር በወር ይከፈላል። ዓይንህን እያየ ከዋሸህ ግን ያኔ ድርሻህን ቆጥረህ ውጣ። ሽማግሌም አትሰብስብ፤ አታንኳስሰውም። ግን እዚያ ሳትደርስ መጀመሪያ ብርጭቆውን ሙላ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ነገሩ እንዳይደገም አንድ ደብተር ግዙ። ዘይት የተቀየረበትን ቀን፣ የሠራበትን ሰዓት፣ የተገዛውን ዕቃ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ዘይቱን በየ50 ሰዓት ሥራ፣ ሥራው ቢያንስም በዓመት አንዴ ቀይሩ። ኅዳር ሲመጣ የነዳጁን መምጫ ዝጉና ሞተሩ በካርቡራተሩ ያለውን ቤንዚን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት፤ የታንኩንም አውጡ። ይህን ሥራ አብራችሁ ሥሩት፤ ከዚያ ማን ቤት ቢቀመጥ ግድ የለም። አብሮ የተዘጋ ነገር ሲከፈት አያጣላም።

እናንተም አንባቢያን፣ ማሽን የሌላችሁም ብትሆኑ፣ «እሱ ቤት ነበር፣ ስለዚህ እሱ ነው» የምትሉት ነገር ካለ እስቲ መጀመሪያ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ እዩት። ለልጁ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቀው፦ ብርጭቆው ውስጥ ያገኛችሁትን ጻፍልኝ። ደብዳቤው ላይ የሁለታችሁም ፊርማ ቢኖርበት ደስ ይለኛል።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!